ስምንት ነበሩ

ንጋት ላይ ከቁሩ ጋር እኩል እነቃለሁ፤
ካፖርቴን ደርቤ፣ ደብተሬን ይዤ ጓሳ እወጣለሁ።
ውርጩ ሣሩን አንድ ባንድ ነጭ አልብሶታል፤
ስረግጠው እንደ ቆሎ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል።
የሥራዬ ስም ቆጣሪ ነው፤ ደመወዜም ያው እንደ ስሙ፣
ተቆጥሮ የሚያልቅ፣ ወር ሳይጋመስ፣ ገበያ ላይ በቅዳሙ።

የሰፈሬ ሰው ይስቃል፦ «ሸዋፈራ፣ ዛሬስ ስንት ሆኑ?»
«ስምንት» እላለሁ። «ደግ ነው፤ ለፍልፈሉ ጠላት ይሁኑ።»

ሌሊቱን አንድ ላይ ያድራሉ፣ ሜዳ ላይ፣ ዋሻ ሳይሹ፣
ቀይ አፍንጫቸውን በጭራቸው ሸፍነው፣ ከነፋሱ ሲሸሹ።
ጎህ ሲቀድ ይነሣሉ፤ አፍ ላፍ ገጥመው ይሳሳማሉ፣
አንድ ዓመት የተለያየ ዘመድ ይመስላሉ።
ከዚያ በሰልፍ ዳር ድንበሩን ይዞራሉ፤
በየጉብታው እግር አንሥተው ርስታቸውን ይፈርማሉ።
ያለ ዳኛ፣ ያለ ውል፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ማኅተም፤
የማዶው መንጋ ግን ያን ፊርማ አይረግጠውም ከቶም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ይበተናሉ።
አንዱ ወደ ጅብራው፣ አንዷ ወደ ረግረጉ፣
ጆሯቸውን ወደ አፈር ጥለው፣ ትንፋሽ ሳያሰሙ ሲፈልጉ።
ፍልፈል የሚያደቡት ለየብቻ ነው። ድንበር የሚጠብቁት አብረው።

እኛስ ከዚህ ምን ለየን?
እርሻው የየግል፣ ጓሳው የሁላችን ሆኖ ኖረን፤
አባ ቀራ «ይዘጋ» ሲሉ ዓመታት ማጭድ አልነካውም፣
በልቅሶ ቀን እንኳ ለገመድ የሚሆን አንዲት እፍኝ አልጎደለውም።
በአያቶቻችን ጊዜ፣ የሌባ ጓሳ የተገኘበት ጣራ
እሳት ይለቀቅበት ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ፣ በተራ።

ለሣሩ ሕግ አለን። ለማጭዱ። ለከብቱ።
ለለሀጭ ግን አላሰብንም፤ አልገባንም ክፋቱ።

ውሻ ነበረኝ፣ ዳኛው የሚባል።
ዳኛው ያልኩት ለአንዱ በግ ከሌላው ስለማያዳላ ነበር።
ግንቦት ላይ ክትባት ሲመጣ «ነገ» አልኩ፤ ዘር ላይ ነበርኩ።
ነሐሴ ላይ ዐይኑ ደፈረሰ፤
ውሃ ሲያይ ሸሸ፤ እጄን ረሳ።
ሰንሰለቱን በጥሶ፣ ጉሙን ሰንጥቆ፣ ጓሳ ገባ፤ ሁለት ሌሊት አልታየም።
ሲመለስ ጥርሱ መሃል ቀይ ጠጉር ነበር።
አይቻለሁ። ቀበርኩት። አልተናገርኩም።

መስከረም ላይ ሰባት።
ከዚያ በአንድ ሳምንት አራት፤
አንዱ ውሃ ዳር፣ አንዱ መንገድ ላይ ተዘርግቶ፣
አንዱ እያዛለ የራሱን ጥላ ሲነክስ ውሎ፣ መሸበት።
ጥቅምት ሲጋመስ፣ አንዲት።

አባ ቀራ ጋሽ እንግዳወርቅ ደብተሬን ተቀበሉ፤
ፊደል አይቆጥሩም፤ ግን የመስመሩን ማጠር በጣታቸው ለኩ፣ ዝም አሉ።
«ማን አስገባው?»
ሸንጎው መሬት አየ። አንድ ሰው ሳለ።
«የኔ ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ወጣ።
የጎጆዬን ክዳን አሰብኩ፣ የጓሳ ነው፣ ደርቋል፤
እሳት ከየት በኩል እንደሚጀምር አሰብኩ።
ሽማግሌው ግን በርኖሳቸውን ሰብስበው፦
«በቀበሌው ስንት ውሻ አለ?»
«እንጃ።»
«ቆጣሪ አይደለህ? እሱን ቁጠር» አሉኝ። «ከራስህ ደጃፍ ጀምር።»

አሁን ከበር በር እዞራለሁ፤
ለእያንዳንዱ ውሻ ስም ጠይቄ፣ ከክትባቱ ቀን ጋር እጽፋለሁ።
መቶ አርባ ሦስት ደርሻለሁ። እመት በለጥሻቸው «የኔ ውሻ አይታመምም» ብለው
ሦስት ጊዜ መለሱኝ፤ በአራተኛው ራሳቸው ይዘውልኝ ቆሙ።

ንጋት ላይ ግን አሁንም ጓሳ እወጣለሁ።
እሷ ትነሣለች፤ ውርጩን ታራግፋለች፤
የምትስመው ፈልጋ ግራ ቀኝ ትዞራለች።
ከዚያ ትሄዳለች፣ የስምንቱን ድንበር ብቻዋን፣
ጉብታ በጉብታ፣ አንድም ሳትዘል፣ ፊርማዋን።

ዛሬ ማዶ፣ ከአስታው ጫፍ፣ ሌላ ቀይ ነገር ቆሞ አየሁ።
አቀርቅሮ ፊርማውን አሸተተ። ቆየ።
አልተሻገረም።
እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩ፤
ገና አልቆጠርኩትም።